ምርቃቱ ያንተ ነው

የሄድኩ ዕለት ማለዳ አዳማ መናኸሪያ የነበሩት እነዚህ ናቸው። አባቴ አቶ ግርማ፤ ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ ከሌሎቹ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። እናቴ ወይዘሮ አስቴር፤ ዳቦ በፌስታል ይዛለች። እህቴ ሊዲያ፤ ከዚያው ወደ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ኦቦ ቶሎሳ፤ አንድ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፤ ዕድሜያቸውን አዳሚ ቱሉ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ወንድም ዳንኤል፤ ከእናቴ ጸሎት ቤት። ጓደኛዬ ቢኒያም፤ ሞባይል ጠጋኙ፤ ሻንጣዬን ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። ሰባተኛው የሚኒባሱ ረዳት ነው፤ ስሙን አልጠየቅኩም፤ የግራ እግሩ ጫማ ክር አልታሰረም ነበር። ስምንተኛው እኔ ናትናኤል ነኝ።

በስም የዘረዘርኳችሁ ለወግ ያህል አይደለም። የምጠይቃችሁ ነገር ስላለ ነው፤ እሱን ግን መጨረሻ ላይ።

ወንድም ዳንኤል ጸሎት ጀመሩ። ከሞጆ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከተማ በከተማ እየጠሩ በእግዚአብሔር እጅ አስረከቡኝ። ገና ታንዛኒያ ሳይደርሱ ረዳቱ የሚኒባሱን ጎን በመዳፉ መታና፣

«ፓስተር፣ የቀረውን አሜን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን! ግቡ!» አለ።

እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። በዚህ ቅደም ተከተል። ኦቦ ቶሎሳ ግንባሬን ይዘው «ነጋን ገሊ፣ ያ ኢልማ ኮ፤ በሰላም ግባ ልጄ» አሉኝ። አባቴ ግን ዝም እንዳለ ነው። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ እናቴ ጴንጤ ናት፤ የእሷ ሰዎች ሲጸልዩ ኮፍያውን ያወልቃል እንጂ አይናገርም። የእሱ ተራ የደረሰው እኔ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። መጣ፣ መዳፉን መስኮቱ ላይ አደረገና ተናገረ። ልክ ያኔ ረዳቱ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ በሩን ወረወረው። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የአባቴን ከንፈር አየሁ፤ ድምፁን አልሰማሁም። ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። የመጀመሪያው በ«መ» ወይም በ«በ» ይጀምራል፤ ከንፈሩ ሲገጥም አይቻለሁ። እኔም እንደሰማ ሰው ጭንቅላቴን ነቀነቅኩለት።

ለምን እንደሄድኩ ለማታውቁት ልንገራችሁ። አዳማ ውስጥ የአንድ ሆቴል ዋና ገንዳ ጠባቂ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የክሎሪኑ ባልዲ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ቃል በስልኬ እየፈለግኩ ለመድኩት። ውሃው ስንት ሰዓት እንደተጣራ፣ ስንት ማንኪያ ዱቄት እንደገባበት በየቀኑ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን የሆቴሉ ባለቤት መጥተው ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩትና «እዚህ ውሃ ላይ ስንት ወንበር ይዘረጋ ነበር» አሉ። ወር ሳይሞላ ተደፍኖ የሠርግ አዳራሽ ሆነ። «አስተናጋጅ ላድርግህ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቆሜ «ምን ልታዘዝ» ማለት ያስጨንቀኛል። ደቡብ አፍሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ሱራፌል «ና» ሲለኝ እሺ አልኩ።

እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ የራሴ ሰፈር ነው። መቂን አልፈን፣ ዝዋይ ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው የሚሸጡትን አልፈን፣ በግራ በኩል የላንጋኖ ውሃ ሻይ በወተት መስሎ ታየኝ። ውሃው ደፍርሶ ሰው ግን ይዋኝበታል፤ ስንት ማንኪያ ዱቄት ቢገባበት ይጠራ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው የሚያስበው ይኼንን ነው? እኔ ያሰብኩት ይኼንን ነው።

ከሞያሌ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበት፣ በተለይ እናቴ፣ ባያውቀው ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ በአንድ የተሸፈነ መኪና ውስጥ ለሁለት ቀን ውሃ በጠርሙስ ክዳን እየለካን ጠጥተናል። አንድ የሆሳዕና ልጅ ክዳኑን ሞልቶ ከሰጠኝ በኋላ ጣቱን ነክሮ አንዲት ጠብታ ጨመረልኝ። «ምርቃት ናት» አለኝ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሁላችንም ሳቅን።

ፕሪቶሪያ ገብቼ የጥገኝነት ወረቀት ለማውጣት ስሰለፍ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ሥራ?»

«ፑል» አልኩ።

ቀና አለ። «ትጫወታለህ?»

«አልጫወትም። እጠብቃለሁ።»

«ምኑን? ጠረጴዛውን?»

«ውሃውን።»

«የፑል ጠረጴዛ ላይ ውሃ አለ?»

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ አበሻ በጀርባዬ በኩል «ወንድሜ፣ ዝም ብለህ አዎ በለው፤ ሰዓት እየሄደብን ነው» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ወረቀቴ ላይ እስከ ዛሬ የቢሊያርድ ተጫዋች ነኝ። እንጨቱን በእጄ ይዤው አላውቅም።

ሱራፌል ሱቁ ያለው ሎኬሽን በሚሉት የዳር ሰፈር ነው። አቧራው የአዳማ ነው፤ ቆርቆሮው የአዳማ ነው፤ ሱቁ ግን ከላይ እስከ ታች በብረት ታጥሯል፤ ዳቦ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ አላት። እኛ ሱቅ ውስጥ እንተኛለን፤ ደንበኛው ውጭ ሆኖ በቀዳዳዋ ያየናል። መጀመሪያ ላይ የታሰረው የትኛው ወገን እንደሆነ ግራ ገባኝ። በሁለተኛው ወር ሦስት ሰዎች መጡ። ሱራፌልን በሽጉጥ እጀታ ጆሮ ግንዱን መቱት፤ በግራ ጆሮው እስከ ዛሬ አይሰማም። (እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ እትዬ ዘነበች፣ ልጅዎ አሁን ደህና ነው።) ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። ሱቁን ቀን ቀን እያገዝኩ ማደሪያ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

ለሱቁ በር ቁልፍ ልገዛ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ስገባ፣ ሰባ ዓመት የሚያልፋቸው አንዲት ነጭ ሴትዮ አረንጓዴ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ሻጩን ያፋጥጡታል። ሦስት ባልዲ ክሎሪን ጨምረው ገንዳቸው አልጠራም። እኔ በተፈጥሮዬ ያልተጠየቅኩትን አልመልስም። ውሃ ሲሆን ግን አልችልም።

«ፒኤቹ ከፍ ብሏል» አልኳቸው። «እሱ ሳይወርድ ክሎሪን ቢጨምሩ ለከንቱ ነው።»

ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ደግሞ ማነህ?»

ገንዳቸው ድረስ ወሰዱኝ፤ በአራተኛው ቀን ውሃው ጠራ። የታችኛው ሸክላ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይቆጠር ነበር።

ስማቸው ሪያ ነው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ባላቸው የሞተባቸው። «ታኒ በለኝ» አሉኝ፤ በእነሱ ቋንቋ አክስቴ ማለት ነው፣ የእኛ «እትዬ» መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው የማወራቸው። ከግቢያቸው ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤ መስኮቷ ወደ ገንዳው ነው፤ ብረት የለውም። ብረት የሌለው መስኮት አይቼ አልጠገብኩም። እዚያች ክፍል ውስጥ በገባሁበት ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

ታኒ ሪያ ገንዳቸውን ያከራያሉ። ሰዎች በስልክ አፕ ይመዘገቡና ቅዳሜና እሁድ ቤተሰባቸውን ይዘው መጥተው፣ ዋኝተው፣ ብራይ የሚሉትን ሥጋ ጠብሰው፣ ሰዓታቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ስሰማ ሊገባኝ አልቻለም። አዳማ ቢሆን ግቢህ የገባ ሰው እንግዳ ነው፤ ውሃ ትሰጠዋለህ። እዚህ ግቢህ የገባ ሰው ደንበኛ ነው፤ ውሃ ታከራየዋለህ።

ስምምነታችንን ገንዳው ዳር ቆመን ተነጋገርን።

«ውሃው የእኔ ነው» አሉ። «አድ-ኦኑ ያንተ ነው። የክፍሉ ኪራይ በአድ-ኦኑ ይከፈላል። በጃንዋሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት እንተሳሰባለን፤ ካልሆነ ክፍሉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ። አልገባኝም። ክፍሌ ገብቼ ሱራፌል ጋ ደወልኩ።

«አድ-ኦን ምንድነው?»

«ምን?»

«በቀኝ ጆሮህ አድርገው! አድ-ኦን!»

«እ! አድ መጨመር፣ ኦን ላይ። በላዩ ላይ የሚጨመር ነዋ። ምርቃት በለው። ቆይ፣ ዳቦ ፈልገው ቆመዋል።» ዘጋው።

ምርቃት! ወዲያው በራልኝ። ለካ ታኒ ሪያ የአባቴ ዓይነት ሰው ናቸው።

አባቴ ሶደሬ ከመዝናኛው በር ውጭ የዋና ልብስና ካላማዳሪ እንደሚያከራይ ታውቃላችሁ። ካላማዳሪው ከጭነት መኪና ጎማ የወጣ ነው፤ ዋና የማይችል ይንሳፈፍበታል። ኪራዩን ከተቀበለ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ለእርጥብ ልብስ ፌስታል፣ ወይ የሳሙና ቁራጭ፣ ምንም ከሌለው ፍል ውሃው የቱ ጋ እንደማይለበልብ ይናገራል። «ያለ ምርቃት የወጣ ዕቃ ደንበኛውን ይዞ አይመለስም» ይላል። ስለዚህ የታኒ ሪያን ቃል እንዲህ አድርጌ ተረጎምኩት፦ ሰዎቹ ለውሃው ለእሳቸው ይከፍላሉ፤ ምርቃቱ ደግሞ ከእኔ ነው። ምርቃቱን በደንብ ከሰጠሁ የክፍሉ ኪራይ እንደተከፈለ ይቆጠራል። ደግ ውል ነው ብዬ በማግስቱ ሄጄ አመሰገንኳቸው። እሳቸውም «ያ፣ ያ፣ ምንም አይደል» አሉኝ።

ምርቃት መስጠት ከተፈለገ ደግሞ እኔ በዝርዝር ነው የምሠራው። ከሱራፌል ሱቅ በማገኘው ገንዘብ በረዶ በጆንያ ገዛሁ። ከሰሉን ሰዎቹ ከመምጣታቸው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ አቀጣጥላለሁ፤ ሲደርሱ ነበልባሉ አልፎ ፍሙ ብቻ ይቀራል። ፎጣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በአራት እጥፍ እደረድራለሁ። አንድ ጎማ ጠጋኝ ሰፈር ውስጥ አግኝቼ (እዚህ ጎሚስታ ሲሏቸው አይሰሙም) ሁለት ካላማዳሪ አስነፋሁ። ከፀሐይ መከለያ ሸራ በእጄ ሰፋሁ፤ ስፌቱ ሁለት ዙር ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጡት ጎጎ ኖምሳ ናቸው፤ ጎጎ አያት ማለት ነው። አምስት የልጅ ልጆች ይዘዋል። በረዶውን አዩና፣

«ይኼ ስንት ነው?» አሉኝ።

በእንግሊዝኛ ቃሉ ጠፋኝ። «ምርቃት ነው።»

«ምን?»

«ም-ር-ቃ-ት።»

«ሚርካት?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አምስቱም በእግር ጣታቸው ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ያዩኝ ጀመር። ምን እንደሆነ አልገባኝም። የአገራቸው ምስጋና ይሆናል ብዬ እኔም እጄን አንጠልጥዬ አንገቴን አዞርኩላቸው። ጎጎ ኖምሳ ሳቁ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ጎጎ ኖምሳ በየቅዳሜው መምጣት ጀመሩ። ሌላውም ሰው በዛ። ሁሉም ገና ከበሩ ሲገባ «ሚርካቱ የታለ?» ይለኛል፤ እኔም በኩራት በረዶውንና ፎጣውን አሳያለሁ፤ ፊታቸው ላይ ግን ትንሽ ነገር ይጎድላል። አንድ እሁድ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በብልቃጥ ሙሉ ፌንጣ ይዛ መጣች። «ለሚርካቱ ነው» አለችኝ። ፌንጣ ምርቃት ላይ ምን ያደርጋል? ግን ስጦታ አይመለስም፤ ምርቃት ስለሰጠሁ በምርቃት መመለሷ ነው ብዬ ተቀበልኳትና ብልቃጡን መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩ።

በዲሴምበር መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድስት ቅዳሜና እሁድ ሲቀር፣ ታኒ ሪያ መጥረጊያ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

«አውሬውን የት ነው የደበቅከው?»

«የቱን አውሬ?»

«አትዋሸኝ። ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ልጅ ይነክሳል ወይ ይሉኛል!» ወደ ውስጥ አዩ፤ ፌንጣዎቹን አዩ። «ይኸው! ምግቡ!»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ጎጎ ኖምሳ አፑ ላይ «ገንዳው ንጹሕ፣ ሚርካቱ ነፃ» ብለው ጽፈዋል። ከታች አሥራ ስድስት ሰው ስለ ሚርካቱ ይጠይቃል። ከዚያ ፎቶ አሳዩኝ። ሚርካት ለካ በእነሱ በረሃ የምትኖር፣ ሽኮኮ የምታክል፣ በኋላ እግሯ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ዙሪያዋን የምትቃኝ እንስሳ ናት። ልክ አምስቱ ልጆች እንዳደረጉት። ልክ እኔ እንዳደረግኩላቸው።

ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። በረዶውን፣ ከሰሉን፣ ቃሉን። መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ቆይ እስቲ። ከአድ-ኦኑ እስካሁን ምን አገኘህ?»

«ከምርቃት ምን ይገኛል ታኒ?»

«ምንም አላስከፈልክም?»

«ምርቃት ነዋ! የሚጨመር አሉኝ እኮ።»

«የሚጨመርማ የሚጨመር ነው። ሂሳቡ ላይ ነው የሚጨመረው!»

«እኛ አገር የሚጨመረው ዕቃው ላይ ነው» አልኳቸው።

የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ግን ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ጡረታዬም ለጣሪያ አይበቃም። ክፍሉን የሚፈልግ ሰው አለ። ስድስት ቅዳሜና እሁድ አለህ። ቃሌ ቃል ነው።»

ያን ቀን ብረት የሌለውን መስኮቴን እያየሁ የሱራፌልን ሱቅ አሰብኩ። ሱራፌል አላታለለኝ፤ ታኒም አላታለሉኝ፤ እኔም አላታለልኩም። ሁላችንም ልክ ነን፤ እኔ ግን ከቤት ልወጣ ነው። ይኼ እንዴት ይሆናል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ፦ በረዶ ይኼን ያህል፣ ፎጣ ይኼን ያህል፣ ከሰል፣ ካላማዳሪ፣ ጥላ። ዋጋውን በአፌ መጥራት ስለማልችል ሰሌዳው አጠገብ ቆምኩ። ጎጎ ኖምሳ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የልጅ ልጆቻቸው ካላማዳሪው ላይ ሊወጡ ሲሮጡ በአንድ ቃል አቆሟቸው።

«እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉኝ። «ሚርካቷን አሰርካት።»

የበረዶውን ብቻ ከፈሉ። በሳምንቱ በረዶ ከቤታቸው በባልዲ ይዘው መጡ፤ ፎጣም ይዘዋል። ሌሎቹም አዩዋቸው። ትናንት በነፃ የወሰደ ሰው ዛሬ ለመግዛት እጁ አይዘረጋም፤ የእኔም ምላስ አይዘረጋም። አንድ ሰውዬ «ጥላው ሥር ጭንቅላቴን ብቻ ባስገባ ግማሽ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልድ መሆኑን ያወቅኩት ማታ ነው፤ ያኔ «ልጠይቅልህ» ብዬው ነበር።

በሁለተኛው እሁድ ማታ ታኒ ሪያ ሰሌዳውን አዩት። በምራቃቸው አርሰው በመዳፋቸው አጠፉት።

«ሰው እየተቆጠረበት አይዝናናም» አሉ። «ሁሉንም አንድ ላይ እሰረው። አንድ ዋጋ፣ አስቀድሞ በአፑ ይከፈላል፤ አንተ አፍህን መክፈት የለብህም። ስሙን ደግሞ እነሱ አውጥተውለታል።»

አፑ ላይ ፎጣ የተጠመጠመባት ሚርካት ሥዕል አስገቡና ሥሯ «ሚርካት ፓኬጅ» ብለው ጻፉ።

ገዙት። የገና ዕረፍት ነበር፤ ሙቀቱ የአዳማ የሚያዝያ ሙቀት ነው፤ ቅዳሜ የለ ማክሰኞ የለ፣ በየቀኑ መጡ። በረዶው ያው በረዶ ነው፤ ፎጣው ያው በአራት የታጠፈው ነው። በነፃ ሲሆን የት አለ ሲሉት የነበረውን፣ ሲከፍሉበት አገኘነው ብለው ፎቶ ተነሱበት። ትምህርት ቤት ሲከፈት የሦስቱን ወር ኪራይ ለታኒ ሪያ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱና «ያ፤ ክፍሉ ያንተ ነው» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቦታውን እንደሳተ ወንበር ይገጨኛል፤ ምን እንደሆነ እስካሁን ለይቼ አላወቅኩትም።

ጎጎ ኖምሳ ፓኬጁን አንድም ቀን አልገዙም። በዕረፍቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ሊሄዱ ሲሉ በሳህን የተጠበሰ ሥጋና ፓፕ ይዘውልኝ መጡ። ፓፕ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ቅቤና በርበሬ የሌለበት፣ ሰው የረሳው የሚመስል ገንፎ።

«ብላ» አሉኝ። «ይቺ የድሮዋ ሚርካት ናት። ያልታሰረችው።»

በላሁ። ዓይናቸውን ግን አላየሁም።

በማግስቱ እሁድ ቤት ደወልኩ። አባቴ ስልክ አይወድም፤ የዚያን ቀን ግን አነሳው። ሶደሬ መንገድ ላይ ነበር፤ ነፋሱ ይሰማኛል።

«ታዲያ ሥራህ ምንድነው አሁን?» አለኝ።

«ምርቃት እሸጣለሁ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኬን አየሁት።

«ይገዛል?»

«እንደ ጉድ ነው የሚገዛው አባዬ።»

«እሺ» አለ። «እሱን የገዛ ሰው ሲሄድ ታዲያ፣ በላዩ ላይ ምን ትጨምርለታለህ?»

በረዶ የለም፣ ፎጣ የለም፣ ከሰል የለም፤ ሁሉም ፓኬጁ ውስጥ ነው። በመልሱ ፈንታ ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራው የኖርኩትን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ያን ዕለት መናኸሪያ በመስኮቱ ምን ነበር ያልከኝ?»

«አልሰማህም እንዴ? ነቅንቀህልኝ ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ረስቼው ነው።» ዋሸሁት።

«እሱ በስልክ አይሆንም» አለ። «ስትመጣ።»

የምመጣበትን ቀን እሱም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። በቢሊያርድ ተጫዋች ወረቀት ከዚህ አገር የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም፤ ተመልሶ መግባት የሚፈልግ ሰው አይወጣም።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ «መንገድ ላይ ውሃ አትጠጣ ነው ያለህ» አለችኝ። ሊዲያ ከጀርባ «አይደለም! መስኮቱን ዝጋ፣ ነፋስ አለ ነው ያለው» አለች። ቢኒያምን በጽሑፍ ጠየቅኩት፤ «አባትህ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረም» ብሎ መለሰልኝ። ከንፈሩ ሲገጥም ግን አይቻለሁ። «መንገድ» በ«መ» ነው፤ «መስኮት» በ«መ» ነው፤ ሌላም በ«መ» ወይም በ«በ» የሚጀምር አባት የሚለው ቃል ብዙ አለ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ኦቦ ቶሎሳ፣ እርስዎ ከእሱ በስተቀኝ አንድ እርምጃ ላይ ነበሩ። ወንድም ዳንኤል፣ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ይበልጥ ይሰማል። የግራ ጫማው ክር ያልታሰረውን የሻሸመኔ ረዳት የሚያውቅ ካለ ይጠይቅልኝ፤ በሩን ሲዘጋ በመካከላችን የቆመው እሱ ነው። እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ እኔ የጻፍኩት ጎዶሎ ነው። የሰማችሁትን፣ አንድ ቃልም ብትሆን፣ በላዩ ላይ ጨምሩልኝ።

መርቁልኝ።